ቦራው ፈረስና የአባባ ፉሩሽካ

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ላይ ሰው ሲተዋወቅ ወይ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፣ ወይ ሬስቶራንት፣ ወይ ታክሲ፣ ወይ ደግሞ ነርስ ነው። "አንቺስ?" ሲሉኝ "ፈረስ አጥባለሁ" እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸውና የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። የሚቀጥል የለም። ከፓሳዴና አለፍ ብሎ፣ ተራራው ሥር፣ ትልቅ የፈረስ ውድድር ሜዳ አለ። ከሜዳው ጀርባ ጋጣዎቹ አሉ። እዚያ ፈረስ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ እግሩን በፋሻ እጠቀልላለሁ፣ ወደ ውድድር ወስጄ መልሼ አመጣለሁ። "ድሮ በቤተ መንግሥት ባልደራስ የሚባለው ሹመት መሆኑ ነው" ብለው አባባ አንድ ቀን ሰው ፊት አስረዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ "ባልደራሷ" እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ።

እንዴት እንደገባሁበት አጭር ነው። ለዓመታት አስተናጋጅ ነበርኩ፤ ደንበኛ ፊት ፈገግ ማለት ሰለቸኝና ሜዳው ጋ መኪና ፓርክ ማስደረግ ያዝኩ። አንድ ቀን አንድ ፈረስ ከጋጣው አምልጦ በመኪኖቹ መሃል መጣ። ፈረንጁ ሁሉ መኪናው ውስጥ ገብቶ በር ሲቆልፍ እኔ ቀስ ብዬ ሄጄ ማሰሪያውን ያዝኩት። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ የጋሪ ነጂ ልጅ ነኝ፣ ፈረስ ከሰው ቀድሞ ነው የማውቀው። ፈረሱን ፍለጋ ሲያለከልክ የደረሰው ሽማግሌ ፈረንጅ የፈረሱ አሰልጣኝ ነበር። "ሥራ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጋጣ ውስጥ ነበርኩ።

አባባ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ስታርፍ ብቻቸውን አልተዋቸውም ብዬ ከናዝሬት አመጣኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚድ ሲቲ ያለው አፓርታማዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ ፒኮ ጎዳና ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ ይታያል። አባባ ወንበር ወደ መስኮቱ ሳብ አደረጉና ተቀመጡ። በቃ፣ ተቀመጡ። ምግብ ሳቀርብ "እሺ"፣ ቸርች እንሂድ ስል "እሺ"፣ ሐኪም ጋ ስወስዳቸው "እሺ"። ሐኪሙ ደማቸውንም ልባቸውንም አየና "ጤነኛ ናቸው" አለኝ። ሱሪያቸው ከወገባቸው እየወረደ ጤነኛ! "የትኛው ጤነኛ?" ብዬ ጮህኩበት። ምን ያድርግ እሱ፣ ወረቀቱን አሳየኝ።

አንድ እሑድ ከመስኮቱ ዞር ሳይሉ "ልጄ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አሉኝ። ማማረር አልነበረም፤ ከልባቸው መጠየቃቸው ነበር። ሰው በቁሙ ሲያልቅ እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ሳይታመም፣ ሳይቆጣ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ። እናቴ ስትሞት እንኳን እንደዚያን ቀን አልፈራሁም።

በማግስቱ ወደ ጋጣ ይዣቸው ሄድኩ። እንግዳ የሚገባው በፈቃድ ነው፤ በእኔ ፊርማ፣ በእኔ ኃላፊነት። ያን ሰሞን አንድ አዲስ ውርንጭላ መጥቶልን ነበር። ዘሩ ቶሮብሬድ የሚሉት፣ ለውድድር ብቻ የሚረባው፣ ሁለት ዓመቱ፣ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው። መናከስ ይወዳል፤ የእኔን ክንድ ሁለቴ ቀምሷታል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የእንግሊዝኛ ስሙ እስከዚህ ድረስ ይረዝማል። አባባ አንድ ጊዜ አይተውት "ቦራ ነው" አሉ፤ ቦራው ሆኖ ቀረ። ቀረብ ብለው "ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ና እስቲ ልይህ" ሲሉት ያ ተናካሽ ጆሮውን አቁሞ መጣና የኮታቸውን ኪስ አሸተተ። አባባ ሳቁ። ድምፅ ያለው ሳቅ! እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ሳቃቸውን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልቀሩም። ጠዋት እኔ ሳልነሳ ጫማቸውን አሥረው ይጠብቁኛል። ከአሰልጣኙ ጋር አንድ ቃል አይግባቡም፤ ግን ጎን ለጎን ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ፈረሱን ያያሉ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ ተመለሰ። ቤት ውስጥ "ጨው አነሰው" ማለት ጀመሩ። ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላዋለሁ፤ እሳቸው ሲሉኝ ግን ደስታዬን የት ላድርገው!

ቦራው ስፕሪንተር ነው፤ አጭር ርቀት የሚሮጥ ማለት ነው። ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፣ አለቀ። የመጀመሪያ ውድድሩ ላይ በሩ ሲከፈት ደንግጦ ቆመ፤ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ነገሩ ገባውና ተከተላቸው። መጨረሻ ወጣ። አባባ አጥሩን ይዘው ያያሉ።

"አለቀ?" አሉኝ።

"አለቀ አባባ።"

"አሁን ጀመሩ እኮ!"

"ይኸው ነው ሩጫው።"

"እና ይኼ ሁሉ መታጠብ፣ ይኼ ሁሉ መጠቅለል፣ ይኼ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለዚህች ነው? የእኔ ፈረስ ጠዋት ከተጠመደ ማታ ነበር የሚፈታው። ይኼማ ሙሽራ ነው!" አሉ። ቢሆንም ጋጣው ጋ ስንደርስ አንገቱን እያሻሹ "አይዞህ፣ ሰው ሲበዛ እኔም እደነግጣለሁ" ሲሉት ሰማኋቸው።

ሁለተኛው ላይ አልደነገጠም። በሩ ሲከፈት የወጣ እስከ መጨረሻው ማንም አልደረሰበትም። ሦስተኛውንም አሸነፈ፣ አራተኛውንም። እንዲህ ያለ ፈረስ ሲሮጥ ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የረጅም ርቀት ፈረስ ይሳሳታል፣ ያርፋል፣ ይክሳል። የአጭር ርቀቱ ግን አንዴ ከተሳሳተ መካሻ ጊዜ የለውም። ዕድሜውም እንደ ሩጫው ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይሮጥና ሰው ገና ስሙን መጥራት ሲለምድ ወደ እርባታ ይላካል። እነዚህ ፈረሶች ሮጠው የሚጨርሱት ልጅነታቸውን ነው። ይኼን ለአባባ ስነግራቸው "ጋሪ ከመጎተት ይሻላል" ብለው ዘጉኝ።

ወሬው ፌርፋክስ ደረሰ። ፈረስ በሥዕል ብቻ የሚያውቀው ሁሉ "የእኛ ፈረስ እንዴት ነው?" ማለት ያዘ። አባባ ከሰዓት በኋላ ሬስቶራንት በር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲቀመጡ አዋቂ እሳቸው፣ ተናጋሪ እሳቸው ሆኑ። ፓስተራችን እንኳን ጠርቶ "እህቴ፣ ይኼ የፈረስ ነገር ቁማር አይሆንብሽም?" አለኝ። "ፓስተር፣ ፈረሱ አይቆምርም፤ እኔም አልቆምርም። ሰኮናውን ነው የማጸዳው" አልኩት። ሲስቅ ጊዜ እኔም ተውኩት።

በዚሁ ሰሞን አባባ ከሬስቶራንት ሲመለሱ በፌስታል የቡና አተላ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አስተናጋጇ ከጀበናው ሥር የቀረውን ታጠራቅምላቸዋለች። በረንዳ ላይ ትሪ ላይ አስጥተው ያደርቁታል። አተላ ለአትክልት ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ለዚያ ነው ብዬ አለፍኩት። እውነቴን ነው፣ ሌላ ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም።

ከዚያ ትልቁ ውድድር መጣ። የዓመቱ ፈጣን ወጣት ፈረሶች የሚገናኙበት ነው። አሰልጣኙ ለሳምንት ያህል ከማንም ጋር አላወራም። በውድድር ቀን ጠዋት የፈረስ መኖ ይቀነሳል፤ ሆዱ ቀለል እንዲል። አባባ ባዶውን የመኖ ባልዲ አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ባዶ ሆዱን ልታስሮጡት?"

"ሕጉ ነው አባባ።"

"ሥራ የሚሄድን 'ቅመስ' አይባልም እንዴ? ጠላት እንኳ ይባላል!"

"አባባ፣ ጉድ እንዳያደርጉኝ፣ እዚህ አገር ፈረሱ ምን እንደበላ ይመረመራል" አልኳቸው። "እሺ" አሉ። ያቺን "እሺ" ከወንበሩ ዘመን ወዲህ አልሰማኋትም ነበር፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ቀኑ የዋዛ ቀን አልነበረም፣ ፋሻ ላመጣ ሮጥኩ።

ቦራው አሸነፈ። ያሸነፈው ደግሞ እያየሁት እንኳን ማመን ባቃተኝ አሯሯጥ ነው። መታጠፊያው ላይ ሦስተኛ ነበር፤ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲደርስ ጋላቢው ጆኪ እጁን ብቻ ለቀቅ ሲያደርግለት ከሁሉም ፊት ሆነ። አባባ ኮፍያቸውን ጣሉት። አሰልጣኙ አባባን አቀፈ፤ አባባ አሰልጣኙን ግንባሩን ሳሙት። እኔ እልል አልኩ፤ ዙሪያዬ ያለው ፈረንጅ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ከውድድር በኋላ ያሸነፈ ፈረስ ወደ ምርመራ ጋጣ ይወሰድና ሽንቱ ይወሰዳል። አንዳንዱ ፈረስ ሰው ያስለቅሳል፤ ረጅም ሰዓት ይቆማል እንጂ አይሸናም። ቦራው ግን አባባ ባስለመዱት ፉጨት ነበር የሚሸናው። እኔም ከልጅነቴ የማውቀው ፉጨት ስለሆነ ቀጭን አድርጌ ሳፏጭለት ወዲያው ሸና። ሽንቱን የምትቀበለው ሐኪም "ምነው ሁሉም እንዲህ በሆነ" አለች። ኩራቴ አይነገርም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት አሰልጣኙ ቢሮው ጠራኝ። ሽማግሌው ያን ቀን ዕድሜው ጨምሮ ነበር። "ሽንቱ ውስጥ ካፊን ተገኝቷል" አለኝ። "ቡና። የኔ ፈረስ ቡና ጠጥቷል።" ድሉ ሊቀማ እንደሚችል፣ የውድድሩ ዳኞች ሂሪንግ የሚሉትን ችሎት እንደሚጠሩ፣ ያደረገው ሰው ከታወቀ ጋጣ ግቢ ውስጥ እንደማይደርስ ነገረኝ። እኔ ደሜ ፈላ። ቀኑን ሙሉ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የቡና ኩባያ በክፉ ዓይን ሳይ ዋልኩ። ማነው ይኼ ልብ የሌለው? ማን ነው በዚህ ልጅ ላይ?

ቤት ስገባ ንፋስ ልቀበል ብዬ በረንዳ ወጣሁ። አተላው ትሪው ላይ ተሰጥቷል። ትሪውን አየሁ። አባባን አየሁ።

"አባባ፣ ይኼ አተላ ለአበባው አይደለም እንዴ?"

"አበባ የት አለንና?" አሉኝ፣ ግራ ገብቷቸው።

እውነትም በረንዳችን ላይ አንድ ቅጠል የለም። አሁንም ነገሩን ሳስበው ከራሴ ጋር እጣላለሁ፤ ሰው አበባ በሌለበት ቤት ለአበባ የሚሆን አተላ እያየ እንዴት ያልፋል?

አባባ ሳይደብቁ ነገሩኝ። የሚደበቅ መሆኑንም አላወቁትም። ናዝሬት ጋሪ ሲነዱ ዳገት ሲመጣባቸው፣ ወይም ፈረሱ ባዶ ሆዱን የዋለ ቀን፣ ፉሩሽካ ውስጥ የቡና አተላ ደባልቀው ያበሉት ነበር፤ ብርታት ይሰጣል ይላሉ። የውድድሩ ቀን ጠዋት እኔ ፋሻ ሳመጣ፣ ከኮት ኪሳቸው አውጥተው፣ በመዳፋቸው ነው ያበሉት። "ቅመስ ብዬው ነው። ባዶ ሆዱን እኮ ነው ልጄ" አሉኝ። ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩ። ድሉን ሊቀሙት እንደሆነ ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ።

"ፈረሱን? ፈረሱ ምን አደረገ?"

እሱን ሲሉ ንዴቴ ጠፋ። ስለራሳቸው አንድ ቃል አልጠየቁም። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። እሳቸው መሆናቸው ከታወቀ ጋጣ መግባት ያበቃል። ጋጣ መግባት ካበቃ ወዴት እንደሚመለሱ አውቃለሁ፤ ወንበሩ ያው መስኮቱ ሥር ነው። ሁለተኛ ከዚያ ወንበር አላነሳቸውም። ሶ፣ ወሰንኩ። "የቡና ቴርሞሴ መኖው ላይ ፈሶ ነው፣ ሳላይ ቀርቼ ነው እላለሁ። ቢበዛ የሥራ ላይሰንሴን ይወስዱብኛል፤ ሬስቶራንት እመለሳለሁ። እርስዎን አሰልጣኙ ራሱ ያስገባዎታል። ብቻ እርስዎ ዝም ይበሉ" አልኳቸው። ትሪውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

የሂሪንጉ ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "ቤት ይዋሉ" ብል በጄ አላሉም። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ጥግ ይቀመጣሉ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ሦስት ዳኞች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። አሰልጣኙ ቀድሞ ተናገረ፤ የማውቀው የለም አለ። ተራዬ ደርሶ አፌን ስከፍት ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ። አባባ ተነሥተዋል። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በአማርኛ ጀመሩ።

"ጌቶቼ፣ ፉሩሽካው ውስጥ የቡና አተላ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም። እኚህ ሽማግሌም አያውቁም። ፈረሱም የሰጡትን በላ እንጂ ሌላ ያደረገው የለም። ድሉን ውሰዱ፤ ያሸነፈው ግን በገዛ እግሩ ነው፣ ሌባ አትበሉት።"

መሃል ያሉት ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን እያሉ ነው?"

በዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የምናውቀው እኔና አባባ ብቻ ነን። "መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ይላሉ" ብል ማን ያውቅብኛል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባባ አዩኝ። "ሳትቀንሺ ንገሪያቸው" አሉኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንዲህ ከብዶኝ የተናገርኩት ነገር የለም። ሳልቀንስ ነገርኳቸው። 'ሌባ አትበሉት' የሚለው ላይ ስደርስ ውሃ ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ።

ዳኞቹ ወጥተው ተመለሱ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ድሉ ተሰረዘ። አሰልጣኙ በቀላል ቅጣት ታለፈ፤ እኔን በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ። አባባ ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሜዳ ጋጣ ግቢ ውስጥ በምንም ዓይነት ፈቃድ እንዳይገቡ አሉ። ይኼንንም ንገሪያቸው አሉኝ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ የመጨረሻውን ግን አልቻልኩም። "ለጊዜው አይግቡ ብለዋል" አልኳቸው። አባባ ለዳኞቹ እጅ ነሡ።

ፍሪዌዩ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። መኪናው ስንዝር ስንዝር ይሄዳል፤ እኔ የፊቴን መኪና እየሰደብኩ ድራይቭ አደርጋለሁ።

"ለጊዜው ያልሽው ረጅም ነው?" አሉኝ።

"ረጅም ነው አባባ።"

"ከእኔ ዕድሜ ይረዝማል?"

ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። ገባቸው። "ፈረሱ ግን ይሮጣል?"

"ይሮጣል። እሱን ምንም አላሉትም።"

"ተመስገን" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው ማልቀሳቸውን ያወቅኩት። እናቴ ስትቀበር ያላለቀሱ ሰው ናቸው። እኔም አለቀስኩ፤ መኪናው ስለማይሄድ ደግነቱ።

ቦራው በሚቀጥለው ወር ሮጦ አሸነፈ፤ ሽንቱም ንጹሕ ሆነ። "ተመልካች እኮ አይከለከልም፣ አጥሩ ጋ ሆነው ያዩታል" ብላቸው አባባ እምቢ አሉ። "ፈረስ በሩቅ ምኑ ይታያል?" ወደ ወንበሩ ተመለሱ። "እሺ" ተመለሰች። ሱሪያቸውን ማየት ፈራሁ። ጠዋት ብቻዬን ስወጣ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋለሁ፤ እንደነቁ አውቃለሁ፣ ግን እንዳልሰሙኝ ይሆናሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ እንደወትሮዬ እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ስሄድ "ቆይ" አሉኝ። ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። "አትታጠቢ።" እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ላብ፣ ድርቆሽ፣ የፈረስ ጠጉር፣ ሌላ ምን አለው እጄ? እኔ ግን ሳልንቀሳቀስ ቆምኩላቸው። ዓይናቸውን ገልጠው "ደህና ውሏል" አሉ።

ከዚያ ወዲህ እጄን ሳልታጠብ ነው ቤት የምገባው። ፌርፋክስ ላይ ለእንጀራ ስቆም ሰዉ "ባልደራሷ፣ ሸተትሽ" ብሎ ይሸሻል። ልሽተት፣ ምን ቸገረኝ። ደረጃውን ስወጣ አባባ በሩን ከፍተው ቆመው ይጠብቁኛል፤ እንዴት ዋልሽ ከማለታቸው በፊት እጄን ይቀበሉኛል።